ከያደሳ አጠገብ የተነሳሁ ዕለት

ልጄ ጸሎት፣ መድኃኔዓለም ከብርዱም ከክፉ ሰውም ይጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ታክሲ ስሳፈር ብቻ ጉልበቴ ያስቸግረኛል።

የጎረቤታችን የያደሳ ፍርድ አለቀ። የዘመዶቹን በቆሎ ሊጠብቅ አገር ቤት ሄዶ፣ ከርከሮ መስሎኝ ተኮስኩ ያለው፣ ጓደኛውን በዛብህን የገደለው። ዳኛው ሆን ብሎ ገድሏል ለማለት ያጠራጥራል ብለው በነጻ አሰናበቱት። ሰፈሩ ግን «የመሬት ጠብ ነበራቸው» ብሎ ፈርዶበታል።

ማክሰኞ ሰፈራችን ለቅሶ ነበር፤ የእድራችንን ድንኳን እንደ ልማዱ ያደሳ ተከለ። የአባትሽንም የተከለው እሱ ነበር። ጨርሶ ከጎኔ አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ ሰው ሁሉ ተነሳ። እኔም ተነሳሁ። ከዚያ ወዲህ ራሴን እጠይቃለሁ፦ ምስክሩን ሁሉ የሰሙት ዳኛ የተጠራጠሩትን፣ በቆሎው ውስጥ ያልነበርኩት እኔ በምን አወቅሁት?

እሁድ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «እርስዎስ ተነሱ፣ እትዬ ሙሉወርቅ፤ እኔ ከራሴ አጠገብ ወዴት ልነሳ?» አለኝ።

ፌስቡክ ላይ «ነፍሰ ገዳይ» ብለሽ የጻፍሽበትን እህትሽ መሲ አሳየችኝ። አልቆጣሽም፤ ከእኔ ነው የተማርሽው።

በሰው አገር ሳያውቁሽ ከሚፈርዱብሽ ይሰውርሽ፣ ልጄ። አንቺም እባክሽ የጻፍሽውን አጥፊው።

እናትሽ