አያ ጭቃን ሊጎበኙ መጥተው ለቅሶ ደርሰውን ለሄዱት ኃላፊ

ለተከበሩ የመንገድና የቦይ ሥራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ዓይንዎ ደኅና ነው? እኛ የዓለም ባንክ መንደርተኞች፣ በሳቅ ብዛት ጎናችንን ከማመሙ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። እኔ የእድራችን ዕቃ ጠባቂ ነኝ፤ የምጽፍልዎትም ለማመስገን ነው።

አንደኛ፤ ለቱቦ ብላችሁ ከትምህርት ቤቱ መንገድ ዳር ቆፍራችሁ የተዋችሁትን ጉድጓድ እንድትዘጉልን፣ ልጄ ርሆቦት ገና ኬጂ ሳለች ደጅ ስጠናዎት ስብሰባ ላይ ነበሩ። ልጅቷ ዛሬ ሦስተኛ ክፍል ገብታ በጠርዙ ላይ እየተንጠላጠለች ትመላለሳለች፤ እርስዎም፣ እግዜር ያበርታዎትና፣ እዚያው ስብሰባ ላይ ነዎት። ወይ ስብሰባ!

ሁለተኛ፤ ጉድጓዱ ውሃ አቆረ፣ ውሃውም አውሬ አበቀለ። ባለጋራዡ ሀምዳን ጀርባው ጎማ የሚያህል ፍጡር ብቅ ብሎ ሲጠልቅ አየሁ ብሎ ማለ፤ የራስህ ጎማ እንዳይሆን ብንለው ተቆጣን። ጎረቤቴ ፋሪዳ ደግሞ ቀንድ ጨመረችለት። ስሙንም አያ ጭቃ አልነው። ይኸው ከአየር ጤና፣ ከአስኮ ሳይቀር ሰው እየጎረፈ ነው፤ ወያላውም አያ ጭቃ፣ አያ ጭቃ እያለ ይጣራል። ለዚህ ፌርማታ ባለውለታችን እርስዎ ነዎት። አውሬ አለ መባሉን በሰሙ በሳምንቱም ከነባልደረቦችዎ ከተፍ አሉ። ልጅ ያላስነሳዎትን ጭቃ አስነሳዎት፤ እልል ብለናል።

ሦስተኛውን ቅሬታ እንዳልለው ሳቄ አላስችል አለኝ። ለእንግዶች ፀሐይ መከለያ ብለን የእድሩን ድንኳን ጥለን ነበር። እርስዎ ከመኪና ወርደው ድንኳኑን ሲያዩ ፊትዎ ጠቆረ፤ አብረውዎት የመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ሁላችሁም አንገታችሁን ደፍታችሁ ገብታችሁ ተደረደራችሁ። ፋሪዳ ነገሩን ላስረዳ ብላ ብትነሳ ሳቅ አፈናትና በሻሿ ፊቷን ሸፈነች፤ እርስዎም ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይተው ከሁሉ አስበልጠው እሷን አጽናኗት። ከዚያ ለጎብኚ የቆላነውን ቆሎ ዘግናችሁ፣ ነፍስ ይማር ብላችሁ ውልቅ! ጉድጓዱ ከድንኳኑ ጀርባ ነበር፤ ዞር ብሎ ያየው የለም። ማን ነው የሞተው ብሎ የጠየቀም የለም።

ስቄ ስቄ ሳበቃ ግን ይህ ነገር ከነከነኝ። ክረምት ሲገባ ውሃው ከመንገዱ እኩል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ርሆቦት መንገዱ የት እንዳለቀ፣ ጉድጓዱ የት እንደጀመረ አትለይም። ክቡርነትዎ፣ እኔ ከአያ ጭቃ ይልቅ ይህንን እፈራለሁ።

ስብሰባዎ ይባረክ፣ ወንበርዎ ይመችዎ፣ ጫማዎንም ጭቃ አይንካው እያልኩ በታላቅ ትሕትና እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ጽጌማርያም፣ የድንኳኑ ጠባቂ፣ የርሆቦት እናት

ማሳሰቢያ፦ ለቅሶውን አስቀድመው ስለደረሱን ዳግመኛ መምጣት አይጠበቅብዎትም። ጉድጓዱን የሚሞላ አፈር ብቻ ይላኩልን፤ ድንኳኑ ሟች ሳይገኝለት።