ተቀበል ያልኩ ዕለት

ቡራዩ፣ ኅዳር 2009 ዓ.ም.

ለአንድ ድንኳን ጓደኛዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ብርድ ሲነካው የሚያምሽ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ሳሉስ ለቀቀሽ? እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ እንዲያውም ከመጣሁ ወዲህ ጉንጬ ሞልቷል ይሉኛል። ኢንተርኔት ከተዘጋ በኋላ ስልክ መነካካት ትቼ እንደ ድሮ ሰው እስክሪብቶ ይዣለሁ። በእጅ ጽሑፌ አትሳቂ። የሚያስቅሽን ሌላ ነገር አሁን እነግርሻለሁ፤ ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሄጄ ተጠንቀቅ ቆምኩልሽ!

እውነቴን ነው። አንድ የሳሙና ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ሻይ ቀርቦልኝ የፋብሪካውን ባለቤት ሴትዮ ስጠብቅ በሩ ድንገት ብርግድ አለ። ተረከዜ ከተረከዜ ተጋጨና እጄ ወደ ግንባሬ ሲወጣ የሻዩን ብርጭቆ ይዞት ሄደ። ሻዩ የሴትዮዋ ካልኩሌተር ላይ ፈሰሰ። የገባው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የበሩ ጥበቃ፣ ኦቦ ጎበና! ትሪውን ሊወስዱ መጥተው የጄኔራል ሰላምታ አግኝተው ተመለሱ። እስከ ዛሬ እኔን ሲያዩ ደረታቸውን ነፍተው ነው የሚያልፉት።

የፋብሪካው ባለቤት ራዲያ ቀጥላ ገባች። «ወይዘሮ» ስላት «ራዲያ በዪኝ፣ አታስረጂኝ» አለችና እየሳቀች ካልኩሌተሯን አራገፈች። ከዚያ «ከዚህ በፊት ምን ትሠሪ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አፌ እንደለመደው ምን ቢል ጥሩ ነው? «መናገር አይፈቀድልኝም።» አስቢው እስቲ! በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መሃል አንዲት የማትታወቅ ሴት፣ ነጋዴ ፊት ቁጭ ብላ እንዲህ ስትል። የራዲያ ፊት አመድ መሰለ። «ወላሂ ግብሬን በጊዜው ከፍያለሁ፣ ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለች። አንቺ ብትኖሪ መሬት ላይ ትንከባለዪ ነበር። እየተንተባተብኩ መገናኛ ክፍል እንደነበርኩ፣ መስመር መዘርጋት፣ ኮምፒውተር ማገናኘትና ሰርቨር መጠበቅ እንደምችል ነገርኳት። «ታዲያ እንደሱ አትዪም? ሰላይ መሰልሽኝ እኮ!» ብላ ተነፈሰች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወታደር መሆኔን ለሠራተኞቹ እንዳላወራ መከረችኝ። ሰዉ ሆድ ብሶታል አለች።

እውነቷን ነው። የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ቀርቷል ቢባልም በመሬቱ የተነሳው ነገር አልበረደም። ሰበታ የእናቴ ቤት ጀርባ ካለ ፋብሪካ የወጣውን ጭስ በዓይኔ አይቻለሁ። እዚህም ልጁ የተወሰደበት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ የካምፑን ሻንጣ አልጋ ሥር አስገብቼ ለጠየቀኝ ሁሉ «ሞባይል ጥገና ነበርኩ» እላለሁ።

ሥራው ምን መሰለሽ? የፋብሪካው ሽያጭ በሙሉ በኢንተርኔት የሚሠራ ነበር። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ሚዛኑ፣ መጋዘኑና ካሸሯ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ሆኑ። አንድ መኪና ለመጫን ሦስት ሰው ወረቀት ይዞ ግቢውን ይዞራል። ራዲያ የፈለገችው ውጭው ቢዘጋም ግቢው ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ነው። ይሄማ የኛ እንጀራ አይደለም እንዴ! በረሃ ላይ የት ኢንተርኔት ነበረንና? ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ለሙከራ የገባነው ሁለት ሰዎች ነን፣ የሚቀረው አንድ ነው ተባልኩ።

ሌላው ገመቺስ ይባላል። የገፈርሳ ገበሬ ልጅ ነው፤ ኮሌጅ ጨርሶ ፕሮግራም ይጽፋል። ረጅም ነው፣ ሲያስብ ያፏጫል፣ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። ይህን የምጽፍልሽ ለመረጃ ያህል ነው፤ ቅንድብሽን አታንሺ። እሱ ፕሮግራሙን፣ እኔ መስመሩንና ሰርቨሩን ያዝን። አንድ ነገር ሲያስብ «እንዲህ ብናደርገው ምን ይመስልሻል?» ይለኛል። እኔና አንቺን «ምን ይመስላችኋል?» ብሎ የጠየቀን አለቃ ታስታውሻለሽ? መጀመሪያ ቀን «ትእዛዝ ስጠኝና ልሥራ» ልለው ምንም አልቀረኝም። አሁን ግን ለምጄዋለሁ፤ ያልጠየቁኝንም ይመስለኛል እላለሁ።

እንግዲህ ጉዱ። ገመቺስ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ መሰላል ይዞ ወጥቷል። እኔ ቢሮ ሆኜ በስልክ እናወራለን። ኬብሉን አስገብቼ ስጨርስ «መስመሩ ወጥቷል፣ ተቀበል!» አልኩት። እኔ እኮ በኛ ቋንቋ ጨርሻለሁ፣ አንተ ተናገር ማለቴ ነው። እሱ ግን ከጣሪያ የሚወረወር ነገር ያለ መስሎት ሁለት እጁን ዘረጋና ከነመሰላሉ የሳሙና ካርቶን ላይ ዘጭ! ሮጬ ስደርስ ሠራተኛው ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ደህና መሆኑን ሳይ እኔም ሳቅሁ፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ።

«ይህችን ቃል አውቃታለሁ» አለኝ። ታናሽ ወንድሙን ኩምሳን ሊወስዱት በመጡ ጊዜ በራቸው ላይ የቆመው ሰው በሬዲዮ «ተቀበል፣ ተቀበል» ይል ነበር። ኩምሳ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አይታወቅም። «ወታደር ነሽ?» አለኝ። ሞባይል ጥገና የሚለው አፌ ላይ ነበር። «ነበርኩ» አልኩት። ብሎን መፍቻውን ካርቶኑ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

በማግስቱ ቀረ። ከዚያም ቀረ። ራዲያ ሰኞ መኪኖች እንደሚጫኑ፣ እስከዚያ ካልደረሰ ከአዲስ አበባ ድርጅት እንደምታመጣ ነገረችኝ። በዚያው «ልጁ ካልተመለሰ ግን ቦታው ያንቺ ነው» ብላ ጠቀሰችኝ። ደስ አላለኝም ብዬ አልዋሽሽም፤ ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኛል። ፕሮግራሙ የእሱ ነው፣ ያለ እሱ አይጨረስም፤ ያንን ለራሴ ሰበብ አድርጌ ቅዳሜ በእግሬ ገፈርሳ ሄድኩ። የሄድኩት ግን ለፕሮግራሙ ብቻ አልነበረም።

ከባህር ዛፉ ወዲያ ቤታቸውን ጠይቄ ደረስኩ። ጊደራቸው ያን ዕለት ወልዳ ገመቺስ በረት ውስጥ ነው፤ አየኝና ፊቱን ወደ ጥጃዋ መለሰ። እናቱን አዴ ቦሰናን «አካም ቡልተኒ» ብዬ እጅ ነሳሁ። የሰበታ ልጅ መሆኔ በጀኝ፤ በኦሮምኛ መልሰው ቁጭ በይ አሉኝ። ወዲያው ግን «ወታደሯ አንቺ ነሽ?» አሉ። ብሮጥ የት እደርሳለሁ እያልኩ ራሴን ነቀነቅሁ። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ምን ጠየቁኝ መሰለሽ? «የያዛችሁት ሰው ብርድ ልብስ ይሰጠዋል? ልጄ ብርድ አይችልም።»

መናገር አይፈቀድልኝም የምትለዋ እንደገና ጉሮሮዬ ድረስ መጣች። ዋጥኳት። የት እንዳለ እንደማላውቅ በእውነት ነገርኳቸው። ካምፕ ከሆነ ግን ብርድ ልብስ እንደሚታደል፣ ጠዋት ዳቦና ሻይ እንዳለ፣ ፀሐይ ሲወጣ ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈው እንደሚሞቁ ነገርኳቸው። የማላውቀውን አላውቅም አልኩ። እማማ ጉልበቴ ላይ እጃቸውን ጥለው «ዳቦው ትልቅ ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። ስለዚያ ኑሮ ለሲቪል ሰው ሳወራ የመጀመሪያዬ ነው። ገመቺስ የበረቱን በር ተደግፎ ይሰማ ነበር። ስወጣ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝና «ኬብሉ የቱ ጋ ቀረ?» ብቻ አለኝ።

እሑድን ሙሉ ሠራን። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው መኪና ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ ክብደቱ ካሸሯ ስክሪን ላይ ብቅ፣ መጋዘኑም ዘንድ ብቅ! ካሸሯ አትክልት እልል ብላ ተነሳች። ኦቦ ጎበና ከበሩ ሆነው ለእኔ ሰላምታ ሰጡኝ፣ ያውም በግራ እጃቸው። እኔ ጓደኛሽ፣ ከምርቃቴ ቀን ወዲህ ያልዘለልኩትን ዝላይ ዘለልኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት መስመሩ ሠራ አልሠራ የሚጨበጨብልን ነገር መች ነበር?

ራዲያም አንድ ሰው አይበቃኝም አለች። ሱሉልታ ሌላ መጋዘን እየከፈተች ነው፤ አንዳችን እዚያ፣ አንዳችን እዚህ። ማን ይሄዳል ስትለን እኔ የተጠቀለለ ኬብል እጠቀልላለሁ፣ እሱ የጠበቀ ብሎን ያጠብቃል። ቤት ኪራይ እጨምራለሁ አለች፣ አሁንም እንደዚያው። አየችን፣ አየችንና «ኧረ ወላሂ ጉድ ነው! ተስማሙና ንገሩኝ» ብላ ወጣች። ገመቺስ ማፏጨት ጀመረ። አሁን በስልክ ስናወራ ስጨርስ «ተቀበል» አልልም፤ «ምን ይመስልሃል?» እላለሁ። አንቺም የሠራዊት ኮንትራትሽን እንደገና ከመፈረምሽ በፊት ይህን አስቢበት፤ ሱሉልታ ለጉልበትሽ ብትበርድም ሰው ትፈልጋለች።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልላክሁት በምክንያት ነው። ሳሙና ይዞ ወደናንተ የሚመጣው ሹፌራችን ዲኖ በእጅሽ ይሰጥሻል። ባለፈው ካምፑ በወጣት እንግዳ እንደሞላና ብርድ ልብስ የምታድዪው አንቺ እንደሆንሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ምንም ንገሪኝ አልልሽም፤ ደንቡን ሁለታችንም እናውቃለን። ግን በእንግዶቻችሁ መሃል፣ እናቱ እንደነገሩኝ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው፣ ብርድ የማይችል የገፈርሳ ልጅ ካለ፣ በወሬ መሃል «ጊደሯ ወለደች፣ ጥጃዋ ቦቃ ናት» በይው። ይገባዋል። ከተረፈም ሁለተኛ ብርድ ልብስ ጣል አድርጊለት።

መልስ ስትጽፊ ስለ ጉልበትሽ ጻፊልኝ፣ ስለ ሳልሽ ጻፊልኝ። ልጁ ካለ ከመጨረሻው መስመር በታች አንዲት ቃል ጨምሪ፤ የቷን እንደሆነ ታውቂያለሽ። እሷን ይዤ በሩጫ ገፈርሳ ሄጄ አዴ ቦሰና ምን እንዳሉ፣ ገመቺስም ምን እንደሆነ፣ ሱሉልታም ማን እንደሄደ አንድ ሳላስቀር እጽፍልሻለሁ።

የጠበቀን አምላክ በወጣሽበት በሰላም ያግባሽ፤ የእናትሽን ደጅ በሲቪል ጫማ ለመርገጥ ያብቃሽ።

ድንኳን፣ ብርድ ልብስና ሳቅ የተካፈለችሽ ጓደኛሽ።

ተቀበዪ።