አይቼ ያለፍኳት አረፋ

ሐሙስ፣ ጁን 13፣ 1996፤ ብሪክስተን

የካራቫን፣ በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት፣ ጥገና መማር ከጀመርኩ አራት ወሬ ነው። ዛሬ ሽማግሌው አስተማሪዬ የአንዱን ካራቫን ምድጃ የጋዝ ቱቦ መጋጠሚያ ራሳቸው አጠበቁና «የሳሙና ውሃ ቀብተህ ቼክ አድርግ» አሉኝ። ስቀባው አንዲት አረፋ ቀስ ብላ አበጠች። ጋዝ ያፈሳል ማለት ነው። «ደህና ነው?» ሲሉኝ «ደህና ነው» አልኩና ቅጹ ላይ ፈረምኩ። አባቴን የሚያህል ሰው በሌሎች ተማሪዎች ፊት ማረም ከበደኝ።

ከዚያ ወዲህ ብድግ ቁጭ እላለሁ። ነገ ባለቤቶቹ ከነልጆቻቸው ሊያድሩበት ወደ ባሕር ይጎትቱታል። የምማርበት ጋራዥ ስልክ አያነሳም። ጠዋት ሳይከፈት ደጃፉ ላይ እገኛለሁ። የምለውን ከአሁኑ እየተለማመድኩ ነው፤ ከአፌ የሚወጣው ግን «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» የሚል ብቻ ነው።

አልተሳሳትኩም።