መርከቢቱን አላወጣም ያሉት ካፒቴን ትሮንዱር

ካፒቴን ትሮንዱር ሄይነሰን ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ሄይኒና ከእናታቸው ከሱኒቫ በ1938 በፋሮ ደሴቶች፣ በሱዱሮይ፣ እናንተ አሁን በተቀመጣችሁበት በዚህ መንደር ተወለዱ። ሰባት ዓመት ተምረው ወደ ግሪንላንድ በሚሄድ የዓሣ መርከብ ተሳፈሩ። ከዚያ ወዲያ ያስተማራቸው ባሕር ነው፤ ባሕር ደግሞ እንደ ሰው መምህር በቁንጥጫ አይምርም። ሁለት ጣታቸውን በገመድ ወሰደባቸው፤ አብሮ አደጋቸውን ከአጠገባቸው ጠርጎ ወሰደባቸው። በ1964 የካፒቴንነት ፈቃድ አገኙ። በዓመቱ ወይዘሮ ማርዩንን አግብተው ራግንሂልድንና ቢላን ወለዱ።

በ1972 ክረምት የኤሊዬሰርን መርከብ ይመሩ ነበር። የዓሣ ማከማቻው መዝጊያ ጎማ ተበልቶ ውኃ ያስገባል፤ ከምዕራብም ማዕበል እየመጣ ነበር። "ጎማው ሳይቀየር አላወጣትም" አሉ። ባለመርከቡ ኤሊዬሰር ሰው በሞላበት ወደብ፣ "ባሕር የሚፈራ ወንድ ከሚስቱ ጎን ሱፍ ይፍተል!" ሲል ሰደባቸው። መንደሩ ሳቀ። የሳቃችሁት ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ታናሽ ወንድማቸው ማግኑስ በኀፍረት ቀልቶ መሪውን ያዘ። "ተው ማግኑስ፣ ውረድ ወንድሜ" ብለው ለመኑት።

"የቤታችንን ስም አዋርደኸዋል፤ እኔ እንኳ ላንሣው" ብሎ ወጣ። መርከቢቱ ከነስምንት ሰዎቿ ባሕር ውስጥ ቀረች።

የሟቾቹ ደም በሕይወት በቀረው ላይ ተላከከ። "እሱ ቢኖር ያተርፋቸው ነበር" ተባለ። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ጥሏቸው ይነሣ ነበር። መስኮታቸው በድንጋይ ተሰበረ። እናታቸው እስኪሞቱ አላነጋገሯቸውም። እዚህ የሚቀጥራቸው ሲጠፋ በኖርዌይ የጭነት መርከቦች ላይ እስከ ጡረታቸው ሠሩ፤ በእጃቸው አንድም ሰው አልጠፋም።

ካፒቴኑ ይቅር ባይ ነበሩ ብንል እንዋሻለን። ቂማቸውን ይዘው ኖሩ፤ እኛ ቤተሰባቸውም አብረናቸው ያዝን። ባለፈው መኸር የሳንባ ነቀርሳ አልጋ ላይ ሲጥላቸው ኤሊዬሰር መጣ።

"ትሮንዱር፣ አረጀን እኮ። ይቅር እንባባል።"

"ጎማው ተበልቷል ስልህ ሰምተኸኝ ነበር?"

"ሰምቻለሁ።"

"እንግዲያው ሂድና በቤተ ክርስቲያን፣ ሰው ፊት ተናገረው። ከዚያ ተመለስ።"

ኤሊዬሰር ወጥቶ ሄደ። አልተናገረም፤ አልተመለሰምም።

ካፒቴን ትሮንዱር በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው መጋቢት 9 ቀን 2016 በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ማርዩን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከማግኑስና አብረውት ከሰጠሙት ጋር ማዕበል በማይደርስበት ያሳርፍልን።

ኤሊዬሰር ዛሬ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ቄሱ ጸሎቱን ከመጀመራቸው በፊት ተነሥቶ መናገር ይችላል። እኛ ቆመን እንጠብቃለን።