የየትኛው መንደር ልጅ ነህ?

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ለታላቅ እህቴ ለእታለም ጃስሜር። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ በዚህ ብርድ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ ጋሼ ትርሎክስ ሳሉ ለቀቃቸው? እማማ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ? የሰናፍጩ ማሳ አብቦ ይሆናል፤ ዓይኔን ስጨፍን እዚያው መሃሉ የቆምኩ ይመስለኛል። እኛ ደኅና ነን፤ ማለቴ፣ በሕይወት አለን።

እዚህ ዝናቡ አያባራም። ጉሙ ጠዋት ቤቶቹን ይውጣል፣ ወደ ቀትር መልሶ ይተፋቸዋል። እኔም በእንቅልፍና በንቃት መሃል ስንሳፈፍ ሰነበትኩ። ነገሩን የነቃሁበት ዳልቢር አልጋችንን ከመንገድ ዳሩ ክፍል ወደ ጓሮ ሲያዛውር ነው። ምነው ስለው፣ ብርድ ይገባል አለኝ። ባሌ ውሸት አይሆንለትም፣ ጆሮው ይቀላል። ወትውቼ አስወጣሁት። የጣፋጭ ሱቃችንን ካሰፋን ወዲህ የማያውቃቸው ሰዎች በስልኩ የድምፅ መልእክት ይልኩበታል፤ ገንዘብ አምጣ፣ አለዚያ ቤትህን በጥይት እንበሳሳዋለን ይሉታል። እሱ ደግሞ ሰምቶ ያጠፋዋል። ለፖሊስ እናመልክት ስለው፣ ምን ቢያደርግ ነው የመጡበት ይሉናል፣ ሰው ፊት እንዴት እንቆማለን አለ። የእኛ ሰው እዚህ ፍርሃቱንም እንደ ገመና ይሸፍነዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ሲደውሉ ስልኩን አባባ ሳዋን አነሡት። አማቴን ታውቂያቸዋለሽ፤ የአገራቸውን ቋንቋ የሰሙ እንደሆነ የሰውዬውን መንደር ሳይጠይቁ አይለቁም። ያኛው ማስፈራራቱን ሲጀምር እሳቸው አነጋገሩ የአገራቸው የወንዝ ዳር ሰው ሆኖባቸው ልባቸው ቀለጠ።

«ቆይ እስቲ ልጄ፣ የየትኛው መንደር ልጅ ነህ?» አሉት።

ሽማግሌ ሲጠይቀን አፋችን ከእኛ ቀድሞ ይመልሳል፤ እንዲያ ነው ያሳደጉን።

«የኮት ሳርዋን ነኝ፣ አባባ» አለና ወዲያው ስልኩን ዘጋው።

አባባ ያገራችን ልጅ ደወለ ብለው በደስታ ነገሩን። እኔ ግን ቀዘቀዝኩ። ያንቺ መንደር ነው፣ እታለም።

በማግስቱ የመጣው መልእክት ልጄን አኑፕን በስሟ ጠራ። ዳልቢር ሊያጠፋው ሲል ስልኩን ነጥቄ አዳመጥኩት። ድምፁን በጨርቅ ሊያፍነው ሞክሯል። ከመናገሩ በፊት ትንፋሹን የሚስባት አሳሳብ ግን የማውቃት ናት፤ በጀርባዬ አዝዬው ልቅሶውን ሲጨርስ የሚስባት ነበረች። እታለም፣ ልጅሽ ላክቪር ነው። ዱባይ ሥራ አገኘ ያልሽኝ ላክቪር። ደጋግሜ አዳመጥኩት፤ ሌላ ሰው እንዲሆንልኝ ለመንኩ፣ አልሆነም።

ዳልቢር ሥጋሽ ነው፣ ከፍለን እንገላገል አለ። ከእኛ ማዶ ያለው ዳቦ ጋጋሪም ከፍሎ ነበር፤ ተመልሰው መጡና በሩ ላይ ተኮሱ። ስለዚህ ከአባባ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መልእክቱን እንዳለ ሰጠኋቸው፣ ስሙንም ተናገርኩ። ስሙ ከአፌ ሲወጣ የምትናገረው ሌላ ሴት መሰለችኝ። ስንወጣ አባባ በዝናቡ ውስጥ ክንዴን ይዘው «ለአኑፕ ብቻ አይደለም፣ ነፍስ ሳያጠፋ እሱንም አስቁመሽዋል» አሉኝ። አለቀስኩ። አሁንም እያለቀስኩ ነው የምጽፍልሽ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው።

እዚያም እናንተን የሚያስፈራራ ቢደውል አትክፈሉ፣ መልእክቱን አታጥፉ፣ ዝምም አትበሉ።

የእማማን እግር እንደ ወጋችን ንኪልኝ። ለጋሼ ትርሎክ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ ይቀየሙኝ ይሆናል፣ መብታቸው ነው። ትንሿን ሀርሊንን ግንባሯን ሳሚልኝ። አባባና አኑፕ ሰላም ይላሉ፤ ዳልቢርም ይላል፣ ቀና ብሎ ግን አያየኝም።

ላክቪር የደወለልሽ እንደሆነ፣ ስምህን የሰጠሁት እኔ አክስትህ ነኝ፣ ሌላ ሰው እንዳትጠረጥር በይልኝ። ያለበት የትም ይሁን፣ እጁን ይስጥ። ችሎት በቀረበ ቀን ከኋላው ወንበር ላይ የምቀመጥለት እኔ ነኝ።

እህትሽ ናሲብ
ሱሬይ፣ ካናዳ
በፈረንጆች የካቲት 18 ቀን 2024