ግማሽ ትንፋሽ ወደ ኋላ

ሉብሊን፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2004

ግዲኒያ ባሕር ዳር ተሸሽገህ ለተቀመጥከው ባለቤቴ ለዜኖን፤

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያኮርፈኛል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። እህትህ ኢርሚና ሾርባውን አቅጥና እንደምታበላህ አውቃለሁ። ምስኪን፣ እጇ ከድሮም አይጣፍጥ።

ፖስትካርድህ ደርሶኛል። ኦገስት ላይ «ትንሽ የባሕር አየር ልውሰድ» ብለህ ወጥተህ፣ አሁን ደግሞ «ሐኪሞቹ ጉሮሮዬን ከቀደዱት ወዲህ ድምፅ የለኝም፤ ድምፅ የሌለው ሰው ለቤት ምን ይሠራል? እዚሁ ብቀር ይሻላል» ትለኛለህ። አንብቤ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ፤ ንዴት እንደሚሻለኝ ታውቃለህ።

ተናድጄ ከቁም ሣጥኑ አናት የቪዲዮ ካሴቶችህን አወረድኩ። ያን አገሩ በሙሉ ሥራ ፈትቶ ያየው የነበረውን የብራዚል ድራማ፣ የዶና ግራሲንዳንና የኮሎኔሉን። ወንዱንም ሴቱንም፣ ሕፃኑንም ነፍሰ ገዳዩንም የቴሌቪዥን አንባቢ ሆነህ በድምፃቸው ላይ ብቻህን በእኛ ቋንቋ ስታነብላቸው ድምፅህ ከፍም ዝቅም አይልም ነበር። ግራሲንዳ ልጇ ሞቶ ስታለቅስ፣ አንተ የባቡር መነሻ ሰዓት የምትናገር ትመስል ነበር። እኔንም «አግቢኝ» ያልከኝ በዚያው ድምፅ ነው።

ጎረቤታችን ቴክላ ነገሩን ሰምታ አዲሱን ዲስክ ይዛ መጣች። «አሁን ካሴት የማን ዘመን ነው? ይኸው፣ ጥርት ያለ ምስል!» አለች። ከፈትነው። እውነትም የግራሲንዳ የፊቷ ፓውደር ሳይቀር ይታያል። ግን ሰዎቹ በራሳቸው ቋንቋ ይንጫጫሉ፤ ትርጉሙ ከታች ተጽፎ ያልፋል።

«ባሌ የታል?» አልኳት።

«ምን ያደርግልሻል? ዓይን አለሽ፣ አንብቢያ!»

«ቴክላ፣ ወይ ዲስክሽን ይዘሽ ውጪ፣ ወይ ቁጭ ብለሽ ካሴቱን እዪ።»

ቁጭ አለች። ድንች የተሞላ ሊጥ፣ ፒየሮጊ፣ እየጠበስኩ ስለነበር የት ትሄዳለች።

ካሴቱ ሲጀምር ድምፅህ ቤቱን ሞላው። ቴክላ እንኳ ወንበሯን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳበች። ታዲያ ኮሎኔሉ ይቅርታ ሊጠይቅ ግራሲንዳ እግር ሥር ሲንበረከክ፣ ለካ ጥብጣቡ ዳሩ ተጨማድዶ ኖሯል፣ ድምፁ ጥፍት አለ። ምስሉ ቀጠለ፤ ኮሎኔሉ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። «ምን አለ? ኧረ ምን አለ?» ትላለች ቴክላ። ወጥ ቤት ስትለማመድ ግራሲንዳን ሆኜ የምመልስልህ እኔ አልነበርኩም? አነበብኩላት፦ «ይህን ቤት የሠራሁት ላንቺ ነው። ካላንቺ ግድግዳ ብቻ ነው።»

ቴክላ እንባዋን ጠረገች፤ ምላሷ ግን መች ያርፋል። «ቃሉስ ልክ ነው። ዜኖን ግን ሰውዬው ሲናገር ይጠብቀው ነበር፤ አንቺ እኮ ኮሎኔሉ አፉን ሳይከፍት ጨረስሽለት!»

እውነቷን ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ የእኔ አፍ ስንት ዝንብ እንዳስተናገደ አንተ ታውቃለህ። «አንባቢ ከተናጋሪው ግማሽ ትንፋሽ ወደ ኋላ ይቅር፤ የቃሉ ባለቤት ድምፅም ይሰማ» ስትል ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼህ አንድ ቀን አልገባኝም ነበር። አሁን ያችን ቦታ እየመለስኩ እየመለስኩ ተለማመድኩ። ችዬዋለሁ፤ ቴክላም መስክራለች።

ስለዚህ እሑድ በጠዋቱ ባቡር ትመጣለህ። አልለምንህም፤ ጣቢያው ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ናፍቀኸኛል ዜኖን፤ አልጋው ሰፍቶብኛል። ዳቦ ቤት ስንገባ፣ ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ፣ ከቴክላ ጋር ስትጨቃጨቅ፣ አንተ ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅስ። የሰውን ሁሉ ቃል ስታነብ ኖረሃል፤ ያንተን እኔ አነባለሁ። ግማሽ ትንፋሽ ወደ ኋላ ሆኜ፣ አንድም ጊዜ ሳልቀድምህ።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ። ሻርፕህን ለብርዱ ጠምጥም፤ ጠባሳውን ልትደብቅበት ከሆነ ግን እዚያው ለኢርሚና ተውላት።

አንባቢህ፣
ዳኑታ