ሳንደውል የመታነው በር

ሞኒክ ትናንት ጠዋት በሰላም ተገላገለች። ልጇ ሴት ናት፤ ጩኸቷ እስከ ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ድረስ ይሰማል።

ታዴዬ፣ የትዳር ጓዴ፣ ሰላምታውን ዘልዬ ወሬውን ያስቀደምኩት አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው፤ መቼም ታውቀኛለህ። ነፍስህ እንደምን ሰነበተች? ከተለየኸን እኮ ዓመት ሊሞላ ነው።

ከእኛ በላይ ፎቅ ላይ ያለችውን ጎረቤታችንን ሞኒክን አትረሳትም። በለቅሶህ ጊዜ አንድ ቃል አማርኛ ሳታውቅ ጓዳ ገብታ ሳህን ስታጥብልኝ ሰነበተች። ከዚያ በኋላ አረገዘች፤ ሰውዬው ጥሏት ሄደ። ሁለት ልጆች ይዛ ቀን ዌስትቼስተር ሰፈር ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፣ ማታ አሮጊት ትጠብቃለች። ደም ግፊቷ አሻቀበና ሐኪሙ ካልተኛሽ ለአንቺም ለጽንሱም ያሰጋል አላት። ልጆቼን ማን ያበላልኛል ብላ ትተኛ?

እኔም የማኅበሬን ሴቶች አስከትዬ ወጣሁ። ያጠፋነው እዚህ ላይ ነው። እንደ አገራችን ስልክ ሳንደውል፣ ድስታችንን ተሸክመን፣ እየተንጫጫን በሯን መታን። የሚከፍት የለም። ለካ ልጆቿን ይዛ መታጠቢያ ቤት ተደብቃለች። አልተንከባከብሽም ብለው ልጅ ሊነጥቋት የመጡ የመንግሥት ሰዎች መስለናታል፤ ሳይደውል በሯን የሚመታ ሌላ ሰው አታውቅማ። ድምፄን ለይታ ከፈተች። ደግሞ ኩሩ ናት፣ ምጽዋት አልፈልግም አለች። አንቺ ለቅሶዬ ስትመጪ ፈቃድ ጠይቀሻል ወይ አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች።

ሶ፣ ሥራዋን ተከፋፈልነው። አንዷ ልጆቹን ትምህርት ቤት ድራይቭ ታደርጋለች፣ አንዷ ልብስ ታጥባለች፣ እኔ አበስላለሁ። እሑድ እሑድ አክስቷ ከክሬንሾው እየመጣች ድስቴን ትከፍታለች፤ በዚህ ሁሉ ጨው ልጄን ልትገድያት ነው ወይ እያለች ትሰድበኛለች። እውነቷን ነው፣ ጨው ቀነስኩ። የሞኒክ ግፊትም ቀስ በቀስ ወረደ። ሐኪሙ ምን አደረግሽ ቢላት፣ ሴቶቹ ከቤቴ አልወጣ አሉኝ አለችው አሉ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቆጣ። ሙት ዓመትህን ከሕፃኗ ደስታ ጋር አንድ ላይ አድርጌዋለሁ። የማኅበራችን እትዬ ዘውዲቱ ጸሎተ ፍትሐትና እልልታ በአንድ ግቢ እንዴት ይሆናል ብለው አኩርፈዋል፤ ይመጣሉ ግን። እኔ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለቅስ አንተን ማስታወስ አልፈልግም። በሕይወት እስካለሁ የማስብህ እንዲህ ሰው ሰብስቤ ነው፤ በለቅሶህ የተገኘችልኝን ሴት ይዤ።

ስለዚህ ይህን ለታዴዬ የጻፍኩትን የምታነቡ ሁሉ፣ ከካልቨር ሲቲም ከክሬንሾውም፣ የመጪው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ፣ ለሙት ዓመቱም ለሕፃኗም ወደ ግቢያችን ኑ። መደወል አያስፈልግም።